ሻኛና ቀንበር

ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ጭሮ ወይም ሂርና የከብት ገበያ ላይ ኮርማና ሰንጋ ጎን ለጎን ታስረው ያየ ሰው ለመለየት ጎንበስ ማለት አያሻውም፤ ሻኛቸው ይነግረዋል። የኮርማው አንገት ደንዳና ነው፣ ሻኛውም ገዝፎ ይቆማል። ሰንጋው ገና ወይፈን ሳለ ተኮላሽቶ ከሆነ አንገቱ ቀጠን፣ ሻኛው አነስ ይላል። ሻኛን ስብ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ውስጡ ግን ጡንቻም አለበት።

ልዩነቱን ያመጣው ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። በዘር ፍሬ ውስጥ ከኮሌስትሮል ይሠራል፤ በደም ተጉዞ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ይገባና ተቀባዩን ሲያገኝ ፕሮቲን እንዲመረት ያዛል። ተቀባዩ በየጡንቻው እኩል አይደለም። በሰውም ቢሆን ከጭን ይልቅ የትከሻና የአንገት ጡንቻ ላይ ይበዛል።

ታዲያ የተኮላሸ በሬ እንዴት ያርሳል?

መልሱ ቀንበሩ ላይ ነው። ጡንቻ ሸክም ሲወጥረው ውጥረቱን ራሱ ያውቀዋል፤ የሆርሞን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ፕሮቲን መገንባት ይጀምራል፣ እዚያው አጠገቡ የተኙ የጡንቻ ግንደ ሕዋሳትንም ይቀሰቅሳል። በዚያው በምዕራብ ሐረርጌ የጨርጨር ተራሮች በሬ ዳገት ላይ ሞፈር ሲጎትት የሚጠነክረው በዚህ ነው። ቴስቶስትሮን ግንባታውን ያሰፋዋል እንጂ ያለ እሱ አይጀመርም ማለት አይደለም።

ይህ በሰው ላይም ተለክቷል። በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት 43 ወንዶች ለ10 ሳምንት ክትትል ተደረገላቸው። ከፍተኛ መጠን ያለው ቴስቶስትሮን ተወግተው ስፖርት ያልሠሩት 3 ኪሎ ገደማ ከስብ ነጻ ክብደት ጨመሩ፤ ሆርሞኑን ሳይወጉ ክብደት ያነሡት 2 ኪሎ፤ ሁለቱን ያጣመሩት 6 ኪሎ። በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 12 ወጣቶች አንዱን ክንዳቸውን ለብቻው፣ ሌላውን ሆርሞን ከሚያንር የእግር ስፖርት ጋር ለ15 ሳምንት አሠሩ። ሁለቱም ክንዶች እኩል አደጉ። ከስፖርት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ የሚንረው ሆርሞን ይህን ያህል ዋጋ የለውም ማለት ነው። ሴቶችም ቴስቶስትሮናቸው ከወንዶች ከ10 እጥፍ በላይ ቢያንስም፣ ክብደት ሲያነሡ በመቶኛ የሚያገኙት ዕድገት ከወንዶች ጋር ይቀራረባል።

መርፌውን ለሚመኝ ወጣት አንድ ነገር መነገር አለበት። ሆርሞን ከውጭ ሲገባ አንጎል «ሞልቷል» ብሎ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ምልክት ያቆማል። ፍሬው ይሟሽሻል፣ የዘር ፈሳሹም ይመክናል፤ ወይፈኑን በጉልበት የሚያኮላሹት ሰዎች የሚያደርጉትን ወጣቱ በገዛ ገንዘቡ ራሱ ላይ ያደርገዋል። ልብም ይጎዳል።

ተቃራኒው ሆርሞን ኮርቲሶል ነው። ረሃብና ድካም ሲደራረቡ ይበዛና ጡንቻን አፍርሶ ለነዳጅ ያውለዋል። በበጋው ማብቂያ መኖ አልቆ፣ በሬው ከስቶ ሳለ እርሻ ሲጀመር የሚጎዳው ለዚህ ነው። የምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ታዲያ ማሽላውን አጥቅጦ ይዘራል፤ ክረምት ላይ ሲያሳሳው የነቀለውን ቡቃያ ለበሬው ያጎርሰዋል። የበላው መኖ ኢንሱሊንን ያስነሣል፤ ኢንሱሊንም የጡንቻውን መፍረስ ይገታል።

ጥቂት ዓመት ካረሰ በኋላ ቀንበሩ ይወርዳል። በሬው ደጅ ታስሮ፣ በእጅ እየጎረሰ ይሰነብታል። ሸክምም ቴስቶስትሮንም በሌሉበት ምግቡ ወደ ጡንቻው መሃል በስብ መልክ ይሰርጋል፤ ለበዓል አዲስ አበባ ሲደርስ የሐረር ሰንጋ ተብሎ የሚፈለገውም ይኸው ስብ የገባበት ሥጋ ነው።