ጭቃውን የሚይዘው ሣር

ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ነጭ ብናኝ ይቀራል። የቀመሰው ሰው ጨው መሆኑን ወዲያው ያውቃል። በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት ባሕር ዳርቻ የሚበቅለው ይህ ሣር ስፓርቲና ይባላል። የባሕር ውሃ ጠጥቶ ጨዉን በቅጠሉ ያስወጣል፤ በውስጡ ባሉት ክፍት ቱቦዎችም አየር እስከ ሥሩ ይወርድለታል። ሌላው ተክል ታፍኖ በሚሞትበት ጭቃ ላይ እሱ ይለመልማል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ብርቱ ሣር ሰው መትከል ለምን አስፈለገው?

መሬቱ እየጠፋ ስለሆነ ነው። ከ1932 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ሉዊዚያና 4,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከባሕር ዳርቻ መሬቷ ሩብ ያህሉን አጥታለች። መሬቱን የሠራው የሚሲሲፒ ወንዝ ነበር፤ በሞላ ቁጥር ደለሉን እያለበሰ። ከ1927ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ ግን ወንዙን ግራና ቀኝ የሚያጥሩት ግድቦች ከፍ ብለው ተጠናከሩ፤ በዳርቻው ያለው ረግረግም ደለሉ ቀረበት። ለነዳጅ ሥራ የተቆፈሩት ቦዮች ደግሞ የባሕሩን ውሃ ወደ ውስጥ እየሳቡ ጨው የማይችሉትን ተክሎች አደረቁ። ሥሩ የሞተበትን ጭቃ ማዕበል ጠርጎ ይወስደዋል።

ስፓርቲና ከዘር እምብዛም አይበቅልም፤ የሚስፋፋው ከጭቃው በታች በሚሰደው ግንደ ሥር ነው። ስለዚህ በችግኝ ይተከላል፣ ለዚያም ብዙ እጅ ይፈልጋል። በ1988 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሉዊዚያና ባሕር ዳርቻ መልሶ ማቋቋሚያ ጥምረት በጎ ፈቃደኞችን በጀልባ ወደ ረግረጉ ይወስዳል። ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ የቢሮ ሠራተኛው ቦት ጫማውን አጥልቆ ጭቃው ውስጥ ይገባል። አንዱ ጉድጓዱን ይከፍታል፣ ሌላው ችግኙን አስገብቶ ዙሪያውን ጠቅጥቆ ይዘጋል። በደንብ ካልተጠቀጠቀ የመጀመሪያው ማዕበል ይነቅለዋል። የቆመው ግን ሥሩን እየሰደደ ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል፤ በመካከሉ የሽሪምፕና የሸርጣን ጫጩቶች ይሸሸጋሉ፣ ወደ መንደሮች የሚገሰግሰው ማዕበልም ጉልበቱ ይቀንሳል።

ሣሩ ወንዙ ያመጣ የነበረውን ደለል አይተካም። ጥልቅ ውሃ በሆነው ቦታ መጀመሪያ ደለል በቧንቧ ተገፍቶ መሞላት አለበት፤ ይህም የመንግሥት አቅም የሚጠይቅ ሥራ ነው። የተሞላው ጭቃ እንዳይሸሽ የሚያስረው ግን ሥር ነው።

ጥምረቱ ሣር ከመትከል ሌላ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኒው ኦርሊንስ ከተማ ምግብ ቤቶች የኦይስተር (ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) ቅርፊት ይሰበስባል። ፈቃደኞች በከረጢት ሞልተው በረግረጉ ጠርዝ ይደረድሩታል፤ ማዕበሉ እዚያ ላይ ይሰበራል፣ አዳዲስ ኦይስተሮችም በቅርፊቱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ።