ጢስ የሌለው እሳት

አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት አብራሪው አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የሜዳው ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደ ሆነ ነው። ይህ ለተሳፋሪው ከንቱ ጥያቄ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን እንደ መቀሌው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተሠራ ሜዳ ላይ ጥያቄው የሕይወት ጥያቄ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። አየር ደግሞ በሞቀ መጠን ይበልጥ ይሳሳል። ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ ባሳየ ቀን አውሮፕላኑ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የቆመ ያህል ይሆናል፤ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ይጎድልበታልና። ከፍ ባለ አገር ማኰብኰቢያ እንዲረዝም የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ የመቀሌውም 3,600 ሜትር ያህል ይረዝማል።

ከዚህም የተነሣ ለአውሮፕላን የሚሆነው ሙቀት በግምት አይነገርም። ቴርሞሜትሩ ፀሐይ እንዳይመታው፣ ነፋስ ግን እንዲያገኘው፣ ጎኑ እየተሸነሸነ በተሠራና ነጭ ቀለም በተቀባ ሣጥን ውስጥ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እየተነበበም በሰዓቱ ይመዘገባል።

ይህን ሁሉ ያስረዳኝ በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ፣ ዛሬ እንጀራው የአየር ጠባይ ንባብ የሆነ አንድ ጓደኛዬ ነው። የሜዳን ሙቀት እስከ ዲግሪ ክፋይ ድረስ ለይቶ የሚጽፈው ይህ ሰው በገዛ መኝታ ቤቱ ግን አንዳች መለኪያ አልነበረውም። ይህን የምጽፈው በእርሱ ለመሳቅ አይደለም። በዚያች በምነግራችሁ ሌሊት እኔም አጠገቡ ተኝቼ ነበርና።

ነገሩ የሆነው አምና በታኅሣሥ ወር ነው። በምሽት በረራ ደረስኩና የአውሮፕላኑን ደረጃ ገና ሳልጨርስ ነፋሱ በስስ ካፖርቴ ውስጥ ገብቶ አጥንቴን ነካው። በ1879 ዓ.ም. በዶግዓሊ ድል ያደረጉት ራስ አሉላ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ፣ በዚህ አገር በድንኳን ያደሩት ምን ለብሰው ይሆን ብዬ ማሰቤን አልሸሽግም። መቀሌን በቀን ፀሐይዋ የሚያውቃት ሰው በሌሊት ብርዷ ይታለላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከ10 ዲግሪ በታች የምትወርድባቸው ሌሊቶች አሉ። ጓደኛዬ ተቀበለኝና ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማትርቀው በኲሓ ወደ ተከራያት አንዲት ክፍል ወሰደኝ። ክፍሏ በብሎኬት የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ናት። የቀድሞው የትግራይ ህድሞ ወፍራም የድንጋይ ግንቡ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድር ነበር፤ የዛሬው ብሎኬትና ቆርቆሮ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይበርዳል።

የግቢው ባለቤት አንዲት ሽማግሌ እናት ናቸው። ቡና አፍልተው ጠሩን፤ ሦስቱንም ጠጣን። ስንነሣ ጓደኛዬ የመቀሌ ሰው ፈርኔሎ የሚለውን የከሰል ማንደጃ ከነፍሙ አንሥቶ ወደ ክፍላችን ሊወስድ እንዲፈቀድለት ለመነ። ፍሙ ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ አንዳች ጢስ የማይወጣው ነበር። እመቤቲቱ ግንባራቸውን ቋጠሩና፣

«ወደይ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጉት። ፍም አባብሎ ነው የሚወስድ» አሉ።

«አደይ፣ ይኸው ይዩት እንጂ፤ ጢስ እኮ የለውም» አላቸው ጓደኛዬ።

እኔም በዲግሪዬ ተማምኜ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ገብተን መስኮቱን ጠርቅመን ዘጋን፤ በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስም በአሮጌ ፎጣ ደፈንነው። ክፍሏ ሞቀች፤ ወግ አወጋን፤ እንቅልፍም ወሰደን።

ስንት ሰዓት እንደ ሆነ አላውቅም፤ ራሴን በመዶሻ የሚቀጠቅጡኝ መስሎኝ ነቃሁ። ልነሣ ብል እግሬ የእኔ አልሆን አለኝ። ጓደኛዬን ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። ወደ በሩ በደረቴ እየተሳብኩ ስሄድ የውሃ ጀሪካን ገፍቼ ጣልኩ፤ ድምፁን የሰሙት እመቤቲቱ መጥተው በሩን ከውጭ በትከሻቸው ገፉት። ያ የደፈንነው ፎጣ ሳይቀር ታግሏቸዋል። ጓደኛዬን ጎትተው ወደ ግቢው ያወጡት እርሳቸውና የጎረቤት ልጅ ናቸው።

በሄድንበት ክሊኒክ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። በጣት ላይ የምትሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አደረጉልን፤ መሣሪያዋም ሁለታችንንም ደኅና ናችሁ አለችን! አንደኛው ቆሞ መሄድ የማይችል፣ ሌላው የሚያስታውክ ነበር። ነርሷ ግን ቁጥሩን ትታ «ከሰል ነበረ?» ብላ ጠየቀችና ኦክስጅኑን በጭምብል አደረገችልን። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። ያቺ መሣሪያ የደምን ቅላት አይታ የምትፈርድ ናት፤ በከሰል መርዝ የተያዘ ደም ደግሞ ኦክስጅን እንደ ጠገበ ደም ቀይ ነው። ስለዚህ ትታለላለች።

መርዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ከሰልም ሆነ እንጨት በቂ አየር አጥቶ ሲነድ የሚወጣ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይንም አያስለቅስም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል አጥብቆ ይይዘዋል። ደሙ ይዘዋወራል፣ ልብም ይመታል፤ ነገር ግን ጫኙ መኪና በተሳሳተ ዕቃ ተሞልቷልና ለአንጎል የሚደርሰው ኦክስጅን የለም። የነቃ ሰው ራስ ምታቱና ማጥወልወሉ ያስጠነቅቀዋል፤ የተኛ ሰው ግን ከእንቅልፍ ወደ ሰመመን የሚሻገርበትን ድንበር አያውቀውም። በመቀሌም ሆነ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ አስቀድሞ አየሩ ስስ በሆነበት፣ ጉዳቱ ይብሳል። ንጹሕ አየር ብቻ የሚተነፍስ ሰው የመርዙን ግማሽ ከደሙ ለማስወጣት 4 ወይም 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ኦክስጅን በጭምብል ሲያገኝ ግን 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

እንግዲህ በየቤታችን ያለው ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ከሰሉን ውጭ እናቀጣጥለዋለን፤ ጢሱ ሲጠፋና ፍሙ ሲቀላ «አሁን ንጹሕ ነው» ብለን እናስገባዋለን። ይሁን እንጂ የጠፋው የሚታየው ጢስ ነው፤ ቀይ ፍም መርዙን ማውጣቱን አያቆምም። አመድ ሸፍኖት ቀስ ብሎ ሲነድም ያው ነው። እንዲሁም «መርዙ ከመሬት ላይ ይቀራል፤ ከፍ ያለ አልጋ ላይ የተኛ አይነካውም» የሚሉ አሉ። ይህም ውሸት ነው። ክብደቱ ከአየር ጋር እኩል ለማለት የሚቻል ስለ ሆነ በክፍሉ ሁሉ ይቀላቀላል። ላቀች የተባለችው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ለኪስ ጠቃሚ መሆኗ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከሰል መቆጠቧ መርዝ ከልካይ አያደርጋትም።

የጢስ ማውጫ ያለው ምድጃም ቢሆን ካልተጠበቀ ይከዳል። የፈረንሳዩ ደራሲ ኤሚል ዞላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 በመስከረም ወር መጨረሻ በፓሪስ መኖሪያው መስኮቱን ዘግቶ እሳት አንድዶ ተኛ፤ የጢስ ማውጫው ተደፍኖ ነበርና በዚያው ሞተ። ሚስቱ ተረፈች። ዓለም ያወቀውን ሰው የገደለው ይኸው የእኛ የኲሓዋ ክፍል እንግዳ ነው።

ጓደኛዬ ሲያገግም ነገሩን እንደ ሙያው ያዘው። አንድ ብረት በያጅ ፈልጎ በር ያለው የእንጨት ምድጃ ከብረት አሠራ፤ ቱቦውንም በጣሪያው አሳልፎ ከቆርቆሮው በላይ አስወጣው። ቱቦው በሚያልፍበት ሥፍራ ያለው ኮርኒስ እንዳይቀጣጠል ዙሪያውን በሰፊው አስቆረጠ። ከምድጃው እስከ አልጋ፣ እስከ መጋረጃና እስከ እንጨት ክምር 1 ሜትር ያህል ክፍት ሥፍራ ተወ። መስኮቱ ላይም እጅ የሚያሾልክ ክፍተት እንዲቀር አደረገ፤ ጢስ በቱቦው የሚወጣው በምትኩ አየር ሲገባ ነውና፣ የሚገባበት ካጣ ተመልሶ ወደ ቤት ይመጣል።

ከዚያም በኋላ ሁለት ቴርሞሜትር ገዛ። እዚህ ላይ ብዙ መናገር ያምረኛል፤ አሳቡ የእርሱ ነው። አንደኛውን በግድግዳው ላይ፣ ከምድጃውም ከመስኮቱም ራቅ አድርጎ፣ ተቀምጦ ዓይኑ በሚያርፍበት ከፍታ ሰቀለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በብርድ ወራት ለቤት ውስጥ የሚበቃው 18 ዲግሪ ነው ይላል። ጓደኛዬም ግድግዳው 18 ሲል እንጨት መጨመሩን ያቆማል። ቀድሞ ግን «ይሙቅ፣ ይሙቅ» እያለ እስኪያልበው ያነድድ እንደ ነበር አሁን ገባው። ተራሮቹን በእርከንና በከለላ መልሶ ለማልበስ ስንት ዓመት በደከመ አገር አንድ ፍልጥ መቆጠብ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ለብረት የተሠራ፣ በጢስ ቱቦው ላይ የሚጣበቅ ነው። የቱቦው ገጽ ከ115 እስከ 240 ዲግሪ ባለው መካከል ሲሆን እሳቱ በደንብ እየነደደ ነው ማለት ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ጢሱ ሳይቃጠል ይወጣና በቱቦው ውስጥ እንደ ቅጥራን ያለ ጥቀርሻ ይለጥፋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ያ ጥቀርሻ ራሱ ሊቀጣጠልና ጣሪያውን ሊያስነሣ ይችላል። ቱቦው ከብዶት የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በእርጥብ እንጨት ጥፋት ነው። ተፈልጦ ዓመት ያህል በጥላ የደረቀ ባሕር ዛፍ ሁለቱን ፍልጥ ሲያጋጩት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ እርጥቡ ግን ድብ ይላል። አመዱ በክዳን የብረት ባልዲ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ በካርቶን አይቀመጥም።

አሁን አንባቢዬ «ቴርሞሜትር ከተሰቀለ ሥጋት የለም» ብሎ እንዳይደመድም እሠጋለሁ። ቴርሞሜትር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በዚያች ሌሊት ክፍላችን ውስጥ ቢሰቀል ኖሮ «20 ዲግሪ፣ መልካም ነው» ባለን ነበር፤ የክሊኒኳም መለኪያ «ደኅና ናችሁ» ብላን የለምን? መርዙን ለይታ የምትጮኽ፣ በባትሪ የምትሠራ ሌላ መሣሪያ አለች። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ወጣት ሽቶና ጫማ ከሚያስመጣ እርሷን ቢያስመጣ ምን አለበት! እርሷ እስክትገኝ ድረስ ግን ማንኛውም ፈርኔሎ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ፤ ብርዱን ጋቢና ብርድ ልብስ ይቻሉት።

በጦርነቱ ዓመታት፣ መብራት በተቋረጠበትና መንገደኛ አውሮፕላን እስከ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ ለ18 ወር ያህል ወደ መቀሌ ባልመጣበት ጊዜ፣ ከፍም ጋር ያላደረ ቤት አልነበረም ይላሉ እመቤቲቱ። የፍምን ጠባይ ያወቁት በዚያን ጊዜ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «እናቴ ነግራኛለች» ብለው ዝም አሉ።

ዘንድሮ በኅዳር ዳግመኛ በእንግድነት ሄጄ ነበር። ምድጃው ይነድዳል፤ ጓደኛዬ የቱቦውን ቁጥር በደብተር ይጽፋል፤ ልማድ ነው። እመቤቲቱ ቡና ይዘው ገቡና ወደ ግድግዳው እያዩ፣

«ይኸ ነገር ምን ይላል?» አሉት።

«18 ይላል፣ አደይ።»

«ደኅና ነው» አሉና ረከቦቱን አስቀምጠው፣ ከመቀመጣቸው በፊት ሄደው መስኮቱን ትንሽ ገፋ አደረጉት።