በከሰላ የወደቀው የሰማይ ድንጋይና የጥንት እንስሳት እልቂት

መጋቢት 30 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አፕሪል 8 ቀን 1932፣ የጋሽ ወንዝ ከከሰላ በስተ ሰሜን በአሸዋ ውስጥ ሰምጦ በሚቀርበት አገር፣ ኮር ተሚኪ በተባለው ስፍራ አንድ ድንጋይ ከሰማይ ወደቀ። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ይህን የሚያህል ድንጋይ አየሩ ፍጥነቱን ስለሚሰብርበት፣ መሬት ሲደርስ ከትንሽ ጕድጓድ በቀር ምልክት አይተውም። ስለዚህ ነገሩ እንደ ተራ ወሬ ሰንብቶ ሊረሳ ይችል ነበር። ነገር ግን ድንጋዩ ተጠብቆ፣ የወደቀበትም ቀንና ቦታ ተመዝግቦ ወደ ሊቃውንት እጅ ደረሰ።

ሊቃውንቱም ኦብራይት ብለው ከሚጠሩት ብርቅ ወገን ሆኖ አገኙት፤ ብረት የለበትም ለማለት ከሚያስደፍር ነጣ ያለ ማዕድን የተሠራ ነው። በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤበርሃርትና ጋይስ ከባልደረባቸው ጋር ይህንኑ የከሰላ ድንጋይ መርምረው፣ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ከፀሐይ የሚነፍሰው ነፋስ ያስገባው መሆኑን የሚደግፍ ማስረጃ በ1965 አሳተሙ (ከዚህ በኋላ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአራት ዓመት በኋላ ሰዎች መጀመሪያ ጨረቃ ላይ በወረዱ ጊዜ፣ የፀሐይን ነፋስ ለመያዝ በዚያ የተዘረጋው ስስ የአሉሚኒየም ቅጠል የዚሁ የጋይስ ሐሳብ ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ድንጋይ ቢመጣስ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ የሰጠችው ራሷ ሱዳን ናት። ኦክቶበር 6 ቀን 2008 በአሜሪካ በአሪዞና ሰማይን የሚጠብቁ ሰዎች ወደ ምድር የሚገሠግሥ አንድ አለት አዩ። ወርዱ አራት ሜትር፣ ክብደቱ 80 ቶን ያህል እንደ ነበረ ተገምቷል። ከታየ ከ20 ሰዓት ያህል በኋላ በሰሜን ሱዳን በረሓ ላይ፣ ከምድር 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ፈነዳ። አለት ገና በሕዋ ሳለ ታይቶ፣ መውደቂያው አስቀድሞ ተነግሮ ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው መምህር ሙዓዊያ ሸዳድ ተማሪዎቻቸውን በበረሓው ላይ በሰልፍ አሰልፈው እየቃኙ ስብርባሪውን ለቀሙ፤ በጊዜው የተሰበሰበው 600 ያህል ቍራጭ ነው። ስሙንም ያገኘው ከዋዲ ሐልፋ ወደ አቡ ሐመድ በሚወስደው የባቡር መንገድ ላይ ካለችው ከስድስተኛዪቱ ጣቢያ ነው፤ በዐረብኛ አልማሃጣ ሲታ ይባላል። ሰማንያ ቶን የሚመዝን ነገር መጥቶ የጕድጓድ ምልክት አለመተዉ፣ አየራችን ምን ያህል ጋሻ እንደ ሆነ ያሳያል።

ብረት ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። በግብፅ ደቡብ፣ ከሱዳን ወሰን አጠገብ፣ ካሚል የተባለ የ45 ሜትር ስፋት ያለው ጕድጓድ አለ። በ2008 አንድ ኢጣሊያዊ ከሳተላይት በተነሣ ሥዕል አየው፤ በ2010 የኢጣሊያና የግብፅ ሊቃውንት ሄደው ሲመረምሩት ዙሪያው በብረት ስብርባሪ ተሞልቶ አገኙት። ይሁንና ክብ ጕድጓድ ሁሉ የሰማይ ሥራ አይደለም። የቢሾፍቱ ሐይቆች የተኙበት ጕድጓድ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተከፈተ ነው። ከተሰነይ ወደ ከሰላ የሚሻገር ነጋዴ ከሩቅ የሚያያቸው፣ ከሜዳው ድንገት ብቅ ያሉት የታካ ተራሮችም ከሰማይ የወረዱ ቢመስሉም፣ ከመሬት በታች የረጋ ግራኒት ዘመን ገልጦት የቆመ ነው።

ታላቁ ጕድጓድ የሚገኘው በሜክሲኮ፣ በዩካታን ነው፤ ቺክሹሉብ ይባላል። ስፋቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከሰላ እስከ ገዳሪፍ ያለው ርቀት በቀጥታ በአየር ቢለካ 190 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ጕድጓዱ በዚህ አገር ቢከፈት ሁለቱን ከተሞች በግራና በቀኝ ዳርቻው ሊያስቀር ጥቂት ይቀረው ነበር። ይህን የቆፈረው አለት ወርዱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ የወደቀውም ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በዚያው ጊዜ ዳይኖሶር የተባሉት ግዙፋን እንስሳት፣ ከእነርሱ ከተወለዱት ከወፎች በቀር፣ ጠፉ፤ ከምድርና ከባሕር ፍጥረት ወገኖችም ከአራቱ ሦስቱ ያህል አብረው አለቁ።

ይህ እንዴት ታወቀ? ሉዊስ አልቫሬዝና ልጁ ዋልተር ከሁለት ኬሚስቶች ጋር፣ በኢጣሊያ በጉቢዮ ከተማ አጠገብ በኖራ ድንጋይ መካከል የተጋደመች አንዲት ስስ የሸክላ ንጣፍ መርምረው፣ በምድር ገጽ ላይ ብርቅ የሆነው ኢሪዲየም በብዛት እንዳለባት በ1980 አስታወቁ። ኢሪዲየም ከሰማይ ድንጋዮች ጋር የሚመጣ ነው። ጕድጓዱን ግን የነዳጅ ዘይት ፈላጊዎች በመሣሪያ ምልክቱን አይተውት ነበር፤ በ1991 ምስክሩ ተሟልቶ የዚያ አለት ሥራ መሆኑ ተገለጸ። እንስሳቱን የገደለው ምቱ ብቻ አይደለም። ስፍራው ድኝ ባለበት የጂፕሰም ድንጋይ የተሞላ ስለ ነበረ፣ ትነቱ ከአቧራና ከጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ የፀሐይን ብርሃን ጋረደ፤ ቅጠል ሲጠፋ ቅጠል በሉ፣ ቅጠል በሉ ሲሞት ሥጋ በሉ በረኃብ አለቀ።

ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። አንዳንዶች ጥፋቱን በዚያው ዘመን በሕንድ አገር ወደ ፈሰሰው የእሳተ ገሞራ አለት ይመልሳሉ፤ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሆነው ከሁሉ የከፋው እልቂትም በሳይቤሪያ ከፈሰሰው እሳት ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ የአገራችን ደጋ ራሱ ለምስክርነት ይጠራል። ስሜንን ያቆመው፣ ተከዜ የሰነጠቀው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈሰሰ አለት ነው፤ የሚበዛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሆኑን ሊቃውንት በ1997 አሳትመዋል። ሆኖም ዳይኖሶርን እንዳጠፋው ያለ እልቂት በዚያ ዘመን አልደረሰም። ስለዚህ የእሳት ፍሰት ብቻውን ሁልጊዜ ገዳይ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ፍጥነቱና ያመነጨው ጋዝ ሳይመረመር አይፈረድበትም። ከሕንዱ ፍሰት ይልቅ የዩካታኑ አለት ዋነኛ ተከሳሽ ሆኖ የቆየው፣ ንጣፏና የእንስሳቱ መጥፋት በአንድ መስመር ላይ በመገኘታቸው ነው።

የደጋው ድንጋይ ግን እየተሸረሸረ ከሰቲትና ከአትባራ ውሃ ጋር ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ነጋዴዎቻችን ሰሊጥና ማሽላ የሚገዙበት የገዳሪፍ መረሬ መሬትም አብዛኛው ከዚህ ዓይነት ጥቁር አለት የተወለደ ነው።