የፎቶግራፍ ማጠቢያ መድኃኒትና ጠላቱ አየር

ፎቶግራፍ ካሜራው ቀጭ እንዳለ የተፈጸመ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በፊልሙ ላይ ያረፈው ብርሃን የሚተወው በዐይን የማይታይ ምልክት ብቻ ነው፤ ይህን ምልክት ወደ ሥዕል የሚለውጠው በጨለማው ክፍል ያለው ማጠቢያ መድኃኒት፣ ዴቨሎፐር የሚባለው ነው። መድኃኒቱ የደከመ እንደሆነ ፊልሙ ገርጥቶ ወይም ፈጽሞ ባዶ ሆኖ ይወጣል። የጥምቀት ፎቶግራፍ በዚህ ዓይነት ከጠፋ፣ ታቦታቱን በዚያው ቀን ወደ ፋሲል መዋኛ መልሶ የሚያወርድ ማን ነው?

ስልክና ዲጂታል ካሜራ ፊልምን ከብዙው ሥራ አስወጥተውታል። ይሁን እንጂ በጎንደር አራዳ ተቀምጦ በጥቁርና ነጭ ፊልም ለመሥራት የሚሻ ወጣት መድኃኒቱን ከሩቅ ማስመጣት ግድ ይሆንበታል። ከሩቅ የመጣ ነገር ደግሞ በመደርደሪያ ላይ ሊበላሽ አይገባውም።

መድኃኒቱን የሚያበላሸው ምንድን ነው? የተላጠ ድንች በሳሕን ላይ ሲቆይ እንደሚጠቁር የማያውቅ የለም። ይህም ከአየር ኦክሲጅን ጋር በመዋሐዱ የሚሆን ነው። በዴቨሎፐር ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖንም ከድንቹ አጥቋሪ ነገር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ ኃይሉም ያልቃል። ለዚህ መከላከያ ሶዲየም ሰልፋይት የሚባል ጨው ይጨመርበታል። ኮዳክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1920ዎቹ ያወጣው ዲ-76 የተባለው ማጠቢያ በአንድ ሊትር ውስጥ 2 ግራም ሜቶልና 5 ግራም ሃይድሮኪኖን ሲኖረው፣ ሰልፋይቱ ግን 100 ግራም ነው። ሰባት ግራም ሠራተኛን መቶ ግራም ዘበኛ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ዘበኛውም ቢሆን አንድ ቀን ይደክማል። ይኸው ዲ-76 እስከ አፉ በተሞላና በተከደነ ጠርሙስ ስድስት ወር ያህል ሲቆይ፣ በግማሽ በጎደለ ጠርሙስ ግን ሁለት ወር ያህል ብቻ ይቆያል። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ሆኖም በዚህ መመካት አይገባም፤ ጠርሙሱ በተከፈተ ቍጥር አዲስ አየር ይገባልና።

መፍትሔውን እናቶቻችን ከቀድሞ ጀምሮ ያውቁታል። የጠላ ጋን አፍ የሚመረገው አየር እንዳይገባበት ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ጠላው ቶሎ ይሆመጥጣል። ስለዚህ አንዱን ሊትር በአንድ ትልቅ ጠርሙስ ከማኖር በአራት ትናንሽ ጠርሙሶች እስከ አፍ ሞልቶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ አንዱ ሲከፈት ሦስቱ አይነኩም። ጠርሙሱ የጎደለ እንደሆነ ንጹሕ የብርጭቆ ብይ እየጨመሩ ፈሳሹን ወደ አፉ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ስስ ፕላስቲክ አየር ቀስ በቀስ ያሳልፋል፤ ብርጭቆ ግን አያሳልፍም። መበጥበጫውን ውሃ አስቀድሞ አፍልቶ፣ ከድኖ ማቀዝቀዝ በውስጡ ያለውን አየር ይቀንሳል። የሠራበትንም ፈሳሽ ካልሠራበት ጋር መልሶ መደባለቅ አይገባም።

በጠርሙሱ ላይ የተበጠበጠበትን ቀንና «መርዝ» የሚል ቃል በጕልህ መጻፍ የግድ ነው። የአረቄ ጠርሙስ ያለ ጽሑፍ መድኃኒት ይዞ ከተገኘ፣ ከፊልም የከበደ ጥፋት በሰው ላይ ሊደርስ ይችላል።

የተጠራጠረ ሰው ደግሞ ቀላል ፈተና አለው። ብርሃን ያየ ቍራጭ ጥቁርና ነጭ ፊልም በመድኃኒቱ ውስጥ ይንከር፤ በተለመደው የማጠቢያ ጊዜ ውስጥ ፈጽሞ ከጠቆረ መድኃኒቱ ሕያው ነው። ግራጫ ሆኖ ከቀረ ግን መድኃኒቱን ይተወው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አንዲት ቍራጭ ፊልም አስቀድሞ ማጥፋት ዳግመኛ የማይገኘውን ሙሉ ፊልም ያድናል።