ጠገራ ብሩን አትፈትጉት

ጂንካ ላይ አስጎብኚ ነኝ። የቅዳሜውን ገበያ አይተን ስንጨርስ እንግዶቼ ወደ ስጦታ ዕቃ ሱቆች ጎራ ይላሉ። ከጨሌው፣ ከበርኮታውና ከሙርሲዎች የከንፈር ሸክላ መካከል አንዳንዴ ጠገራ ብር ይገኛል። ባለሱቁ በአመድና በሎሚ፣ ሲልም በጥርስ ሳሙና ፈትጎ አብለጭልጮታል። ሳንቲም የሚያሰባስብ እንግዳ ግን አገላብጦ አይቶ መልሶ ያስቀምጠዋል። ባለሱቁ ዋጋ የበዛበት ይመስለዋል፤ ያራቀው ግን ፍትጊያው ነው።

ሳንቲም ሰብሳቢው የሚያብረቀርቅ ብር ቤቱ ሞልቶታል። ለሰብሳቢዎች የሚዘጋጀው ፕሩፍ የሚባለው ሳንቲም ማተሚያው ብረትም ጥሬው ብርም ተወልውለው፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመትቶ ይወጣል፤ መደቡ መስተዋት፣ ምስሉ ነጣ ያለ ይሆናል። አሜሪካ 90 በመቶ ብር የሆነውን ዓመታዊ የፕሩፍ ስብስቧን እ.ኤ.አ. በ1964 አቋርጣ በ1992 መለሰችው፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ጥራቱን ወደ 99.9 በመቶ አሳደገችው። አገራችን በየዓመቱ ባታወጣም፣ በ1964 ዓ.ም. ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሥታቱን መልክ የያዙ ሳንቲሞችን፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የደጋ አጋዘን ያለበትን ባለ 25 ብር በፕሩፍ አሳትማለች። የእነዚህ ውበት ከማተሚያው የመጣ ስለሆነ ጨርቅ አይጨምርበትም። ፕሩፍ እንኳ በጣት ከተነካ ዋጋው ይወርዳል።

ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 83 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። በላዩ ያለው 1780 መልኳ የታተመበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲታተም ዓመቱ አልተነካም። አፄ ምኒልክ ፓሪስ ላይ የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም ከገበያ አላስወጡትም። የጥንቱ ነጋዴ ብሩን ሲቀበል የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ፈርጦች አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር፤ ያልተሟላለትን ይመልሳል። በአመድ ሲፈተግ ቀድመው የሚጠፉት እነዚያው ፈርጦች ናቸው። በዚያ ላይ የቪየናው ማተሚያ ቤት ዛሬም ያንኑ ብር በፕሩፍ እያተመ ይሸጣል። አዲስና አንጸባራቂ የፈለገ ሰው ከዚያ ይገዛዋል። ከእኛ የሚፈልገው በገበያ የዞረውን፣ በሰው አንገት ውሎ የጠቆረውን ነው።

ባለሱቅ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አፈር ከያዘ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፣ በለስላሳ ጨርቅ ሳትፈትጉ ውኃውን አንሱለት፤ ሌላ አይንካው። ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣና ባለቤቱ ለምን ያስቀመጠው እንደነበር ጻፉለት። ከመሸጣችሁም በፊት ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ሙዚየም አማክሩ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል።