ተጨማሪ መረጃ፦ የፊልም ጽሑፍ መክፈቻ

መስከረም 2011 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያና መፈናቀል ያስቆጣቸው ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እንደ ባህላቸው እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ይህን ታሪክ ፊልም ብታደርጉት ከየት ትጀምሩታላችሁ?

ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከላይ አሳይቶ በተራኪ ድምፅ ስለ ባህሉ ማስረዳት ይቀናዋል። ያምራል፤ ግን የቱሪዝም ማስታወቂያ ይመስላል። እንዲህ ቢጀመርስ?

«ትዕይንት 1። ውጭ፣ ጓሮ፣ ቀን። የአዛውንት እጅ እርጥብ ሣር ይነጫል። ከሩቅ የብዙ ሰው ጩኸት ይሰማል። እጁ ለአፍታ ይቆማል። እንደገና ይነጫል፤ አሁን በጥድፊያ።»

ሣሩ ለምን እንደተፈለገ አልተነገረም፤ ተመልካቹን በወንበሩ ላይ የሚያቆየው ይኸው ነው። ግሶቹ የአሁን ጊዜን ያሳያሉ፤ የተጻፈውም የሚታየውና የሚሰማው ብቻ ነው። «አዛውንቱ ሰግተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለካሜራ ባለሙያው ምንም አይፈይድለትም፤ ጥድፊያውን ግን ይቀርጸዋል። በተለመደው አጻጻፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ፊልም ስለሚሆን፣ ይህች መክፈቻ ከሩብ ደቂቃ ብዙም አትዘልም።

መልመጃ፦ ትዕይንት 2ን ከወጣቶቹ ወገን ሆናችሁ ጻፉት።