ከአሮጌው የፎቶግራፍ ማረሚያ ወደ አዲሱ ስለ መሻገር፤ የጊምፕ ፕሮግራም እንደ ምሳሌ

መግቢያ

ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር የሚታረምባቸው ፕሮግራሞች በየጊዜው ይታደሳሉ። አዲስ እትም በወጣ ቍጥር ተማሪውን ሁለት ነገር ያሳስበዋል፤ አንደኛው እጁ የለመደው ቦታ ሁሉ መለወጡ ሲሆን፥ ሁለተኛው ቀድሞ የሠራው ሥራ በአዲሱ ፕሮግራም ይከፈት ወይም አይከፈት እንደ ሆነ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አክብዶ ሁለተኛውን ያቀልላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ማስረዳት ነው። የአዝራሮች ቦታ በጥቂት ቀን ልምምድ ይታወቃል፤ ዋናውን ፎቶግራፍ ያበላሸ ወይም የሥራውን ማስረጃ ያጠፋ ተማሪ ግን ያን መልሶ አያገኘውም።

ለምሳሌ የተመረጠው ጊምፕ የተባለው ፕሮግራም ነው። የተመረጠበትም ምክንያት፤ ሀ) ያለ ዋጋ የሚታደል ስለ ሆነ ማንኛውም ተማሪ እዚህ የተባለውን በገዛ እጁ ሊሞክረው ስለሚችል፥ ለ) 3.0 የተባለው እትሙ በ2025 ከወጣ ወዲህ አሠራሩ በብዙ ስለ ተለወጠና ከቀድሞው እትም የሚሻገረው ሰው በእርግጥ አዲስ ነገር መማር ስላለበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. የፕሮግራሙ አመጣጥ

ጊምፕን በ1995 የጀመሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ በበርክሊ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። ለሕዝብ የቀረበው በ1996 ነበር። መስኮቶቹንና አዝራሮቹን ለመሥራት በመጀመሪያ ሞቲፍ የተባለውን መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ እርሱ ስላላረካቸው ጂቲኬ የተባለውን ሌላ መሣሪያ ራሳቸው ሠሩ። ይህም ለአንድ ፕሮግራም አገልግሎት የታሰበው መሣሪያ ዛሬ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሆኗል።

የተማሪ ሥራ ሲባል ግን ብቸኛው እርሱ አይደለም። ፎቶሾፕ የተባለውም ስመ ጥር ፕሮግራም የተጀመረው ቶማስ ኖል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ይማር በነበረበት ጊዜ በ1987 ሲሆን፥ ከወንድሙ ከጆን ኖል ጋር አሻሽለውት አዶቢ የተባለው ኩባንያ በ1990 ለገበያ አቅርቦታል። የሁለቱ ልዩነት በባለቤትነቱ ላይ ነው። አዶቢ በ2013 ባወጣው ውሳኔ መሠረት፥ ከዚያ በኋላ የሚወጡት የፎቶሾፕ እትሞች በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ እንጂ አንድ ጊዜ ተገዝተው የሚቀሩ አልሆኑም። ኪራዩን ያቋረጠ ሰው ፕሮግራሙን መጠቀም ያቆማል። ስለዚህ አንድ ተማሪ መሣሪያ በሚመርጥበት ጊዜ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለት በፊት «ከተመረቅሁ በኋላ ፋይሌን በምን እከፍተዋለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

2. ሴቭ እና ኤክስፖርት

ተጠቃሚዎችን ከሁሉ ይበልጥ ያስቈጣው ለውጥ የመጣው በ2012 በወጣው በ2.8 እትም ነበር። ከዚያ አስቀድሞ አንድ ሰው የጄፔግ ፎቶግራፍ ከፍቶ ካረመ በኋላ ሴቭ የሚለውን ቢጫን በዚያው በጄፔግ ይቀመጥለት ነበር። ከ2.8 ወዲህ ግን ሴቭ የሚያስቀምጠው ኤክስሲኤፍ በተባለው የጊምፕ የራሱ ፎርማት ብቻ ሆነ፤ ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ የፈለገ ሰው ኤክስፖርት የሚለውን መጠቀም አለበት።

ይህ ለብዙዎች ያለ ምክንያት የተጨመረ ድካም መስሎ ታያቸው። ምክንያቱ ግን ጽኑ ነው። ጄፔግ የፋይሉን መጠን የሚያሳንሰው ከሥዕሉ ዝርዝር ጥቂት ጥቂት በመጣል ነው፤ ታርሞ እንደ ገና በተቀመጠ ቍጥርም ሌላ ይጥላል። ከዚህም በላይ ሌየር የሚባሉትን፥ ማለት አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት የሚነባበሩትን የሥዕል ክፍሎች፥ ለይቶ ሊይዝ አይችልም፤ ሁሉን ጨፍልቆ አንድ ያደርጋቸዋል። እንግዲህ በጄፔግ ያስቀመጠ ሰው ሥራውን ያስቀመጠ ይምሰለው እንጂ፥ የሥራውን ውጤት ብቻ አስቀምጦ ሥራውን ጥሎታል። ሁለቱ ትእዛዞች የተለያዩት ይህን ልዩነት ለማስታወስ ነው። ምክንያቱን የተረዳ ተማሪ ደንቡን አይረሳውም፤ ምክንያቱን ያልተረዳው ግን በየጊዜው ይበሳጫል።

3. ስለ ቀለም ደረጃዎች

እስከ 2.8 ድረስ ጊምፕ ለእያንዳንዱ የቀለም መስመር፥ ማለት ለቀይ፥ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ፥ 8 ቢት ብቻ ይመድብ ነበር። 8 ቢት ከፍጹም ጥቍረት እስከ ፍጹም ድምቀት 256 ደረጃ ይሰጣል። በ2018 የወጣው 2.10 ይህን ወደ 16 እና ወደ 32 ቢት ከፍ ማድረግ አስቻለ፤ በ16 ቢት 65,536 ደረጃ ይገኛል።

ቍጥሩ ምን ይጠቅማል ቢባል፥ በጨለማ ቤት ውስጥ የተነሣ ፎቶግራፍ እንውሰድ። የምንፈልገው ነገር ሁሉ በታችኛዎቹ 32 ደረጃዎች ውስጥ ተጨናንቆ ይገኝ እንበል። ይህን አብርተን እስከ 256 ብንዘረጋው ደረጃዎቹ ያው 32 ናቸው፤ በመካከላቸው የስምንት ስምንት ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ለስላሳ መሆን የሚገባው የግድግዳ ጥላ እንደ እርከን ተቈራርጦ ይታያል። በ16 ቢት ግን ያው አንድ ስምንተኛ ክፍል 8,192 ደረጃ ሊይዝ ስለሚችል ቢዘረጋም እርከኑ ለዓይን አይታይም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀድሞውኑ በጄፔግ የተነሣውን ፎቶግራፍ ወደ 16 ቢት መለወጥ የጠፋውን አይመልስም፤ የሚጠቅመው ከዚያ ወዲያ በሚደረገው እርማት ተጨማሪ ጥፋት እንዳይደርስ ነው። ሙሉ ጥቅሙ የሚገኘው ካሜራው ሮው በሚባለው ጥሬ ፎርማት ሲያነሣ ነው፤ በዚህ ፎርማት ብዙዎቹ ካሜራዎች 12 ወይም 14 ቢት ይመዘግባሉ።

4. የማይሽር እርማት

የ3.0 ዋናው ለውጥ ይህ ነው። በ2.10 አንድ ሰው ፊልተር ቢጠቀም፥ ለምሳሌ ሥዕሉን ቢያደበዝዝ ወይም ድምቀቱን ቢለውጥ፥ የፒክሰሎቹ ቍጥር ወዲያው ይለወጣል። ፋይሉ ሳይዘጋ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ ከተዘጋ በኋላ ግን የተደረገው ነገር ዝርዝር ይጠፋል። ምን ያህል እንደ ደመቀ፥ ምን ያህል እንደ ተሳለ የሚያውቅ የለም፤ ባለቤቱም ቢሆን ከወር በኋላ አያስታውሰውም።

በ3.0 ብዙዎቹ ፊልተሮች በሌየሩ ላይ እንደ ትእዛዝ ተጽፈው ይቀመጣሉ እንጂ ፒክሰሎቹን አይነኩም። በሌየሮቹ ዝርዝር ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ትታያለች፤ እርስዋን የነካ ሰው የተደረጉትን ፊልተሮች በተራ ያያል፥ መጠናቸውን ይለውጣል፥ ለጊዜው ያጠፋል ወይም ፈጽሞ ይሰርዛል። ፋይሉ በኤክስሲኤፍ ከተቀመጠ ይህ ሁሉ አብሮ ይቀመጣል። በብሩሽ የተቀባና በእጅ የተደመሰሰ ነገር ግን አሁንም ፒክሰሉን ይለውጣል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ በሌላ ሌየር ላይ ማድረግ ይሻላል።

5. ይህ ለምርምር ያለው ጥቅም

ፎቶግራፍ በጥናት ወረቀት ውስጥ ሲገባ ጌጥ አይደለም፤ ማስረጃ ነው። ጆርናል ኦቭ ሴል ባዮሎጂ የተባለው መጽሔት ከ2002 ጀምሮ ለማተም የተቀበላቸውን ጽሑፎች ሥዕሎች አላግባብ ተለውጠው እንደ ሆነ መመርመር ጀምሯል። በዚህ ረገድ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ደንብ ባጭሩ ይህ ነው፤ በመላው ሥዕል ላይ እኩል የሚደረግና ዝርዝሩን የማይሰውር የድምቀት እርማት ይፈቀዳል፤ አንዱን ክፍል ለይቶ ማጥፋት፥ መጨመር ወይም ማጕላት ግን ማስረጃን መለወጥ ነው።

እንግዲህ አንድ መምህር «ይህ ሥዕል ምን ተደርጎበታል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ በአሮጌው አሠራር የተማሪው መልስ ቃሉ ብቻ ነው። በአዲሱ አሠራር ግን ፋይሉን ከፍቶ ፊልተሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋ ዋናውን ሥዕል ሊያሳየው ይችላል። በዚህ ጸሓፊ አስተያየት፥ ተማሪ ወደ አዲሱ እትም እንዲሻገር የሚያስገድደው ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ይህ ነው።

6. ከመሻገር በፊትና በኋላ

ሀ) ዋናዎቹ ፎቶግራፎችና የኤክስሲኤፍ ፋይሎች ሁሉ አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ። የ3.0ን አዲስ ነገር የያዘ ፋይል በ2.10 አይከፈትም። በቡድን የሚሠሩ ተማሪዎችም ቢሻገሩ ሁሉም በአንድነት ይሻገሩ፤ ያለዚያ አንዱ ያረመውን ሌላው ሊከፍተው አይችልም።

ለ) ለ2.10 የተሠሩ ፕለግ ኢኖች ለ3.0 እንደ ገና ካልተዘጋጁ አይሠሩም። የተጀመረ ሥራ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፥ ሥራውን ጨርሶ መሻገር ይሻላል።

ሐ) በሥዕል ላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ፎንቱን ልብ ይበል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ስላለ ጽሑፉ ራሱ አይጠፋም። ነገር ግን የኤክስሲኤፍ ፋይል የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን አይዝም፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ በሚታረምበት ጊዜ ቅርጹና ስፍራው ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ፎንቱም ከፋይሉ ጋር ይሂድ።

መ) ትምህርቱ በአንድ በታወቀ ፎቶግራፍ ይጀመር። ቀድሞ በአሮጌው እትም የታረመውን ሥዕል ዋናውን ቅጂ ከፍቶ፥ ያንኑ ውጤት በአዲሱ ማውጣት ጥሩ ልምምድ ነው። የሚደረስበት ግብ ስለሚታወቅ፥ አእምሮ የሚደክመው መንገዱን በመፈለግ ላይ ብቻ ይሆናል። ሜኑውን ከላይ እስከ ታች ለማጥናት የሚሞክር ግን የሚያስፈልገውንም የማያስፈልገውንም አብሮ ይረሳል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ ከ2012 እስከ 2025 የመጡት ሦስቱ ለውጦች አንድ አቅጣጫ አላቸው። ሴቭና ኤክስፖርት መለያየታቸው፥ የቀለሙ ደረጃ መብዛቱና ፊልተሩ የሚመለስ መሆኑ ሁሉም ዋናውን ከእርማቱ ለይተው ለመጠበቅ ይረዳሉ። ይህን ሐሳብ የጨበጠ ተማሪ ነገ ጊምፕ ቢለወጥ ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ቢዛወር እንግዳ አይሆንም፤ የሚፈልገውን ስለሚያውቅ የሚቀረው በየትኛው ሜኑ ሥር እንዳለ መጠየቅ ብቻ ነው። በየትምህርት ክፍሉም ፎቶግራፍ ያለበት የጥናት ወረቀት ሲቀርብ፥ የታተመው ሥዕል ብቻ ሳይሆን ዋናው ቅጂና የኤክስሲኤፍ ፋይሉ አብረው እንዲቀርቡ ደንብ ቢወጣ መልካም ነው እንላለን። በዚህ ሐሳብ ላይ መምህራንና ተማሪዎች ቢወያዩበት ለሥራችን ጥራት የሚጠቅም ይሆናል።